ከብናኝ የጸዳው ሰማይ

በጡረታ ሽኝቴ ቀን የተሰጠኝ ፎቶግራፍ ስሕተት ነው። ያን ዕለት አልተናገርኩም። አዳራሹ ሞልቷል፣ ለስላሳው ተከፍቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል። ሁለት ወንዶች በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ በር የሚያህል ነገር ተሸክመው ወደ መድረኩ ሲመጡ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወረቀቱን ራሴ እንድቀደው ተደረገ፤ ቀደድኩት። ወርቃማ ፍሬም፣ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ጥቁር ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ጥርት ያሉ ከዋክብት። ከግርጌው «የሰማይን ምስጢር ላሳዩን ለመምህርት ከበቡሽ» ይላል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ፈንታው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «እንዴት ነው? የእርስዎው ፎቶ እኮ ነው!» አሉኝ።

«አውቄዋለሁ» አልኩ።

እንዴት አላውቀው? እኔ ስንት ዘመን የደከምኩበት ነገር ከዚያ ፎቶግራፍ ላይ ተጠርጎ የጠፋው ነገር ነው። ሰዎቹ በቅን ልቦና፣ በሚያምር ፍሬም፣ ሥራዬ የሌለበትን ፎቶ የሥራዬ መታሰቢያ አድርገው ሰጡኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለምስጋና አይደለም፣ ለወቀሳም አይደለም፤ ለእርማት ነው። ዕድሜዬን የሰው ወረቀት ሳርም ኖሬያለሁ፤ አንድ የራሴ እርማት ቢጨመር አይበዛብኝም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ኩታበር ላይ አባቴ ለወንዶቹ ልጆቹ የቄስ ትምህርት፣ ለሴቶቹ ባል ነበር የሚፈልግልን። ለኔም ባሉ ተገኘ፤ ትዳሩ ሳይበረክት ቀርቶ ወደ ቤት ስመለስ ነው አንደኛ ክፍል የተመዘገብኩት። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸው ገና አልተነቀለም። «እማማ» እያሉ ይጠሩኛል፤ መምህሩም አብሯቸው ይስቃል። አንድ ነገር ግን አተረፍኩ። ልጅ «ምድር ትዞራለች» ሲባል እሺ ብሎ ይጽፋል። ዘግይቶ የመጣ ሰው «እንዴት አወቃችሁ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ አንዳንዴ መልስ፣ ብዙ ጊዜ ግልምጫ አገኝበት ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ቢስቲማ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ እሱም ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለ ደሞዝ ይህን ካልኩ ይበቃል። ክረምት በክረምት እየተማርኩ መጀመሪያ ዲፕሎማ፣ ኋላም በፊዚክስ ዲግሪ ያዝኩ። ፊዚክስን የመረጥኩት «እንዴት አወቃችሁ?» ሲሉት የማይቆጣ ትምህርት እሱ ብቻ መስሎኝ ነው። ትምህርቱስ አይቆጣም። የሚቆጡት ኃላፊዎቹ ናቸው።

ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ተዛውሬ ጥቂት ዓመት በሰላም እንዳስተማርኩ ፕላዝማ መጣ። ለማያስታውስ ሰው ልንገር፦ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከሳተላይት የሚመጣ አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያስተምራል። እኛ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ፣ ካበቃ በኋላ ትንሽ እንናገራለን፤ በመሃሉ እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን። ሰውዬው «አሁን መልመጃውን ሥሩ» ይልና ልጆቹ ገና ጥያቄውን ሳይገለብጡ «በጣም ጥሩ! ትክክል ናችሁ!» ይላቸዋል። ማን ሠርቶ ነው ትክክል የሆነው? አንድ ቀን መብራት ሄደና ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሰውዬው ሳይመለስ ቶሎ ያስረዱን» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ልብ ያለው ንግግር ይኸው ነበር።

ከዚያ ክፍል ሊያወጣኝ የሚችል አንድ መንገድ ነበረ፤ ሁለተኛ ዲግሪ። ኮምቦልቻ ባለው የኮሌጅ ግቢ የክረምት መርሐ ግብር ሲከፈት ተመዘገብኩ። ዕድሜዬ ከአስተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣል። ከአንዱ በቀር፤ እሳቸው ዶክተር ይማም ናቸው።

ዶክተር ይማም የቢስቲማ እህል ነጋዴ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር ስለ ሰማይ ተምረው፣ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ በጡረታቸው ዋዜማ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው። የኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔና መቁጠሪያ አብረው ስለሚቀመጡ የመቁጠሪያው ፍሬ ሁሉ ነጭ ነው። ተማሪ ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት ነጥቦቹን በእጁ፣ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳሉ። «ኮምፒውተር መስመሩን ያሳይሻል፤ እጅሽ ግን የቱ ነጥብ እንዳስቸገረሽ ያስታውሳል» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ልማዳቸው ግን ከአባታቸው ሱቅ የመጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አብሬያቸው ነበርኩ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኗ ላይ በርበሬውን ልትጭን ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

«መጀመሪያ ባዶውን አሳዪኝ።»

«ሼኩ፣ ሚዛኔን ተጠራጠሩት?»

«ኧረ አልተጠራጠርኩም፣ እህቴ። ባዶውን ልይ ብቻ።»

«ወላሂ አልዋሽም!»

«አንቺማ አትዋሺም። ሚዛን ግን እንዳንቺ አያፍርም።»

ሴትዮዋ እየሳቀች አራገፈችው። ባዶዎቹ ሳህኖች ትንሽ ወረድ፣ ትንሽ ወጣ እያሉ ተንቀጠቀጡ። ዶክተር ይማም ወደኔ ዞሩ። «አየሽ ከበቡሽ? ጥሩ ሚዛን ባዶውን ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ድርቅ ብሎ ከቆመ የሆነ ቦታ ጣት ይዞታል ማለት ነው።»

ስለ ሰማዩም ያስተማሩኝ እንደዚሁ ነው፣ ባገኙት ነገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ዋጠን። ሹፌሩ ረጅሙን መብራት ሲያበራ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ።

«አየሽ!» አሉ ዶክተር ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም ሳይቀራቸው። «ጉሙ ብርሃኑን በትኖ መለሰልን። ጉም ባይኖር ብርሃኑ ሄዶ በቀረ፣ እኛም ምንም ባላየን! ሹፌር፣ እስቲ አንዴ አጥፋውና መልሰህ አብራው።»

«ዶክተር» አለ ሹፌሩ፣ «ትምህርቱን ልከታተል ወይስ ገደሉን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮከብና በኮከብ መካከል ያለው ሰማይ ባዶ አይደለም። ከጭስ የደቀቀ ብናኝ አለበት፤ አንዳንድ ቦታ ተሰብስቦ ደመና ይሆናል። የከዋክብቱ ብርሃን ሲመታው ብናኙ ከፊሉን ይበትነዋል። ያ የተበተነው ብርሃን በፎቶግራፍ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ውጋጋን ሆኖ ይታያል፤ ልክ እንደ ሐረጎ ጉም። ከፊሉን ብርሃን ደግሞ ብናኙ ይውጠዋል። የዋጠውን ግን ይዞ አይቀርም፤ በትንሹ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። የሚተፋው ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው፤ በመጽሐፍ ታህተ ቀይ፣ በተለምዶ ኢንፍራሬድ የምንለውን። ይህን ለማስረዳት ዶክተር ይማም ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ግቢው የድንጋይ አጥር ወስደው ዓይኔን አስጨፈኑኝና «አጥሩን ሳትነኪ ፈልጊው» አሉኝ። ኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚያግል ፀሐይ አላት። መዳፌን ዘርግቼ ስጠጋ ገና ሳልነካው ሙቀቱ ነገረኝ። «ያ ነው ኢንፍራሬድ» አሉ። «የሰማዩ ብናኝ ከደሴ ውርጭ በብዙ የከፋ ብርድ ውስጥ ነው ያለው፤ ቢሆንም በዓቅሙ ይህንኑ ያደርጋል። መዳፋችን አይደርስበትም፤ ሳተላይት ላይ የተጫነ ቴሌስኮፕ ግን ይደርስበታል።»

እንግዲህ የኔ ጥናት ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። የአንድ ሰማይ፣ የአንድ ደመና። አንዱ ዓይን በሚያየው ብርሃን፣ አንዱ በኢንፍራሬድ። ኢንፍራሬዱ ብናኙ የት ስስ፣ የት ወፍራም እንደሆነ ይነግረኛል። ደመናው ስስ በሆነበት ሁለቱ አብረው መጨመር አለባቸው፤ ብናኙ በበዛ ቁጥር ውጋጋኑም ሙቀቱም ይበዛል፣ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። ደመናው ሲወፍር ግን የከዋክብቱ ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊገባና ሊወጣ ያቅተዋል። ውጋጋኑ ባለበት ይቆማል፤ ኢንፍራሬዱ ብናኙን አልፎ ስለሚወጣ መጨመሩን ይቀጥላል። መስመሩ ይጎብጣል። ያን የሚጎብጥበትን ቦታ «ጉልበት» ብዬ ሰየምኩት፤ እሱን ማግኘት ነበር ሥራዬ።

ርዕሱን ለማጽደቅ የተሰበሰበው ኮሚቴ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?» ያኔ ጥናት ሁሉ ችግር ፈቺ መሆን ነበረበት። አንዱ አባል እኔን ለመርዳት ብሎ «የሰማዩ ይቅርና የኮምቦልቻን መንገድ አቧራ ብታጠኚውስ?» አለኝ። አቶ ፈንታው «ጥሩ አቅጣጫ ነው» ብለው ሊጽፉት ብዕር አነሡ። ዶክተር ይማም ባይኖሩ ኖሮ ይኸኔ የመንገድ አቧራ ባለሙያ ሆኜ ነበር።

ፎቶግራፎቹን ያመጡልኝ ዶክተር ናቸው፤ ውጭ አገር ካለ የድሮ ባልደረባቸው፣ በአንድ ሲዲ። የሦስት ደመናዎች ፎቶ አለበት። ባዶ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ በኢንፍራሬዱ ብናኝ የሌለበትን ወይም እምብዛም የሌለበትን ጥግ ፈልጎ ማግኘት፤ ያ ነው ባዶው ሳህን። ቀጥሎ እያንዳንዱን ኮከብ በክብ እየሸፈኑ ማውጣት፤ ምክንያቱም እኔ የምፈልገው ከዋክብቱን አይደለም፣ በመካከላቸው ያለውን ነው። ኮከብ መሸፈን ዓይን፣ ወገብና ትዕግሥት ይጠይቃል። ደካማ ኮከብ ካመለጠኝ የብናኙን ብርሃን ያስመስልብኛል። በየቦታው የሚገኘው የብርሃን መጠን ቁጥር ባዶው ላይ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይንቀጠቀጣል። ደስ ይለኝ ነበር መንቀጥቀጡ።

ሥራው ሳይጋመስ ሲዲው ያስቸግር ጀመር። አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ አይከፈትም። የግቢው ኮምፒውተሮች ሲዲ መገልበጫ የላቸውም፤ አንዱ ያለው የተቆለፈበት ቢሮ ውስጥ ነው፤ የቢሮው ቁልፍ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ዶክተር ይማም ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደዋል። ስለዚህ ሲዲውን ደሴ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ወሰድኩት።

ባለቤቱ አቶ ዳንኤል የታወቀ ሰው ነው። የጴንጤ ቤተ ሰብ ልጅ፣ ትሑት፣ ሥራው ጥንቅቅ ያለ። የከተማው ሰው የመታወቂያም የሠርግም ፎቶውን እሱ ዘንድ ነው የሚነሣው፤ ምክንያቱም ብጉር ያጠፋል፣ ጠባሳ ይሸፍናል፣ የደበዘዘ ያጠራል። «አደራ፣ ሳይበላሽብኝ በሁለት አዲስ ሲዲ ገልብጥልኝ» አልኩት። «ጌታ ይባርክዎት እትዬ፣ እንደ ራሴ ዕቃ ነው የማየው» አለ። ቃሉን ጠበቀ። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

አዲሱን ሲዲ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩና እንደ ልማዴ በባዶው ጥግ ጀመርኩ። ዜሮ። ቀጥሎ ያለው ዜሮ። ከዚያም ዜሮ። ወደ ደመናው መሃል ገባሁ፤ በከዋክብቱ መካከል ዜሮ። ኢንፍራሬዱ እዚያው ቦታ ላይ ብናኝ ሞልቷል ይላል፤ ፎቶው ምንም የለም ይላል። ወረቀቴ ላይ ነጥቦቹን ሳስቀምጥ ወለሉ ላይ የተጋደመ መስመር ሆኑ።

አቶ ፈንታው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «ምንድን ነው ይሄ?»

«በሙቀቱ ከሄድን ብናኝ አለ፤ በብርሃኑ ከሄድን የለም።»

ዓይናቸው በራ። «ማለት ብርሃን የማይበትን ብናኝ? ጥቁር ብናኝ? መምህርት ከበቡሽ፣ ይኼ አዲስ ግኝት ነው!»

«ወይም የተያዘ ሚዛን ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ነገር ያካብዳሉ!» ብለው ወጡ። በማግስቱ የክልሉ የምርምር ጉባኤ ላይ የሚቀርብ ሥራ ተብሎ መመዝገቡን ከሌላ ሰው ሰማሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዋክብቱ ብቻ ጥርት ብለው የቀሩበት ፎቶ በትልቁ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዶክተር ይማምን ስልክ ላይ ለማግኘት ኔትወርኩ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ አልናገርም።

«ባዶውስ?» አሉ ወዲያው።

«ዜሮ ነው።»

«ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም።»

«እንግዲያው ጣቱን ፈልጊ» አሉኝ።

ጣቱ የማን እንደሆነ ደረጃውን ስወርድ ገባኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐረጎን ወጥቼ ፎቶ ቤቱ ገባሁ። አቶ ዳንኤል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር አቀረበልኝ።

«ዳንኤል፣ ፎቶዎቼን ምን አደረግካቸው?»

ፊቱ በደስታ በራ። «አዩት? አስተዋሉት? በከዋክብቱ መሃል ጉም ነበረበት፣ እትዬ። አሮጌ ፊልም ሲሆን እንደዚያ ይሆናል። ሦስት ምሽት ተቀምጬ አንድ በአንድ አጸዳሁልዎት፤ ኮከብ የሌለባቸውን፣ ጉም ብቻ የሆኑትን ግን ምን እንደሆኑ ስላላወቅሁ አልነካኋቸውም። ሂሳብ አልጨመርኩም፤ የእርስዎ የትምህርት ነገር ስለሆነ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሚጮህ ሰው አይደለሁም፤ ብጮህም በማን ላይ? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያደርገው ጠባሳ ሸፍኖ ሰጠኝ።

«ያልጸዳው የት አለ?»

«እላዩ ላይ ነው የሠራሁት። ሁለት ዓይነት ካለ ይምታታብዎታል ብዬ።»

«አሮጌው ሲዲስ?»

አንገቱን አቀረቀረ፤ ክፉ ነገር መሆኑ መግባት ጀምሮታል። «እሱማ ተሰነጠቀ። አንድ የኮምቦልቻ መስመር ሹፌር መስታወቱ ላይ ሊያንጠለጥለው ጠይቆኝ ... ሰጠሁት።»

እንግዲህ ሦስት የብናኝ ደመና በአንድ ሚኒባስ መስታወት ላይ እየተወዛወዘ ሐረጎን ይወጣል፣ ይወርዳል ማለት ነው። ለወራት እያንዳንዱን ሚኒባስ ፊቱን አይቼ ነበር የምሳፈረው። ሲዲ ያላንጠለጠለ ሹፌር ግን የለም። አንዱ «እናቴ፣ መኪናውን ነው ወይስ እኔን ነው የሚያዩት?» ብሎኛል።

ለአቶ ፈንታው ጥርት አድርጌ ነገርኳቸው፦ ግኝት የለም፣ ፎቶው ተጠርጓል፣ ጉባኤው ላይ አላቀርብም፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውም ይውረድ። የቢሯቸውን በር ዘጉ።

«ማን ያውቃል?» አሉኝ በዝግታ።

«እኔ።»

«ቆይ፣ ይረጋጉ። መርሐ ግብሩ በዚህ ክረምት ይዘጋል። ካላስረከቡ ከምዝገባ ይሰረዛሉ። እዚህ ለማስተማር የተያዘልዎት ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ወደ ፕላዝማዎ መመለስ ነው የሚፈልጉት?»

አልፈልግም ነበር። ዕድሜዬም ሌላ ዕድል የሚጠብቅ ዕድሜ አልነበረም። የተጋደመውን መስመር ይዤ ብገባ ያልፍልኝ ነበር፤ ከኮሚቴው ውስጥ ባዶውን አሳዪኝ የሚል ሰው የለም። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «እንዴት አወቃችሁ?» እያልኩ ሰው ያሰለቸሁ ሰው ነኝ። እኔን ሲጠይቁኝ ምን ልል ነው? ፎቶ ቤት አጸዱልኝ?

አላስረከብኩም። መስከረም ላይ ፕላዝማው ሥር ተመልሼ ቆምኩ። «በጣም ጥሩ! ትክክል ናችሁ!» አለኝ ሰውዬው።

ግምገማ ላይ «የተሰጣትን ዕድል ያልተጠቀመች» ተባልኩ። የአንድ ለአምስት ቡድኔ መሪ፣ አስተምሬው ያለፈ ልጅ፣ ራሴን እንድተች ጋበዘኝ። ዶክተር ይማም በአንድ ዓይናቸው ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ከረሙ። «አብሽሪ» ይሉኛል በስልክ፤ «አብሽሪ ከበቡሽ፣ ሰማዩ የትም አይሄድም።» መርሐ ግብሩ አንድ ዓመት ተራዘመ። አዲስ ሲዲም መጣ፤ ከሦስቱ ደመናዎች ግን ያገኙት አንዱን ብቻ ነው። ባልደረባቸው ከሥራ ወጥቶ ኖሮ ሌሎቹን የሚፈልግላቸው ሰው አልተገኘም። ያን አንዱን ከማንም እጅ ሳላስገባ፣ ኮከብ በኮከብ እየሸፈንኩ ጨረስኩት። ሦስት ሊሆን የሚገባው ጥናት አንድ እግሩ ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አንድ ደመና ስለ ራሱ ይናገራል እንጂ ስለ ሌሎቹ አይመሰክርም።

ጥናቴን ለኮሚቴው አቅርቤ በተከላከልኩበት ቀን ዶክተር ይማም ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ሕክምናው አልሠመረም። ግራፉን ማየት እንደማይችሉ ቀደም ብዬ ስላወቅሁ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ያስቀመጥኳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ በመርፌ ከጀርባ ወግቼ አምጥቼላቸው ነበር። ኮሚቴው በኮምፒውተር የተሠራውን ግድግዳው ላይ ሲያይ እሳቸው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ያነቡ ጀመር። ከባዶው ጥግ ተነሡ። እዚያ ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ጣታቸው ቆመና ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀጥ ባለው መስመር ወጡ፣ ወጡ፣ ደረሱ። ጣታቸው ወደ ጎን ታጠፈ።

«እዚህ ነው ጉልበቱ» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ከኮሚቴው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ውጤቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?»

ታክቶኝ ነበር። «ምንም» አልኩ። «ምንም አይጠቅመውም። ግን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እኔ የአርሶ አደር ልጅ ነኝ። ኩታበር ላይ አንጋጦ ሰማይ የማያይ ገበሬ አላየሁም።»

ዶክተር ይማም ሳቁ። አለፍኩ፤ በመካከለኛ ማዕረግ። ተይዞልኝ የነበረው ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር ሌላ እስኪገኝ ድረስ ጠብቄ ኮምቦልቻ ገባሁ፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው አስተማርኩ። ዶክተር ይማም ቢስቲማ ቤታቸው ገብተው ጥቂት ዓመት ኖሩ። በየጊዜው እየሄድኩ ስለ ሰማይ የተጻፈ አዲስ ነገር ሳነብላቸው «ባዶውን ከየት አመጡት ይላል?» ሳይሉኝ አንድ ገጽ አላሳለፉኝም።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ፎቶ አልወረደም። በየዓመቱ እናገራለሁ። አቶ ፈንታው በየዓመቱ «ያምራል እኮ!» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ እሱ ሥር አቁመው ያስጎበኛሉ፤ በኮሌጁ መጽሔት ሽፋን ላይም ወጥቷል። ብናኙ ያለበት እውነተኛው ፎቶ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ለግድግዳ አይሆንም። ይህን አውቃለሁ። ለዚህም ነው በሽኝቴ ቀን ዝም ያልኩት፤ ስንት ጊዜ ይነገራል?

የተሰጠኝ ፎቶ አሁን ደሴ፣ ሆጤ ያለው ቤቴ ውስጥ ነው። ግድግዳው ስለማይሸከመው ወለሉ ላይ አስደግፌ አኑሬዋለሁ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ደጃፋችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ተቆፍሮ እንደተተወ ነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤት ይገባል። ሰሞኑን አንድ ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መስታወቱ ላይ አርፋለች። ቀና ብዬ አየሁ። በከዋክብቱ መካከል፣ ያ ድርቅ ያለ ጥቁር ሰማይ ላይ፣ ስስ ነጭ ውጋጋን ተኝቷል። ከግርጌው ወፈር፣ ወደ ላይ ሳሳ ይላል። ተነሥቼ ሄድኩና ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን አቀረብኩ። ሳልነካው ሞቀኝ።

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት መወልወያ ጨርቅ ይዛ ገባች። «ውይ እትዬ፣ ስጦታዎ አቧራ ጠጣ! ልጥረገው?»

«ተዪው» አልኳት።

«እንዲህ ሆኖ?»

«እንዲህ ሆኖ። ገና አሁን መታረሙ ነው።»